ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ አሳባቂ

ከእግዜር ቀጥሎ ሕግ የሚያወጣ ማን ነው ቢሏችሁ፣ አከራይ ነው በሉ! «ከሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፤ እንግዳ አያድርም፤ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው…» እኔም እንጅባራ ላይ አንዲት ክፍል እያከራየሁ ስንቱን ሕግ ደንግጌያለሁ! ዘንድሮ ግን ነገር ተገለበጠና ተከራይ በእኔ ላይ ሕግ አወጣች።

ሲስተር ብርቱካን ትባላለች፤ ነርስ ናት። ክፍሉን አይታ ወደደችው። ከዚያ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች።

«አባባ፣ የጭስ አላርም ካልተገጠመ አልገባም።»

«ምን የሚሉት ነው ደግሞ?»

«ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ነዋ! በእርስዎም ጓዳ ይገጠማል። ጣሪያችን አንድ አይደል? ከእርስዎ ስቶቭ የተነሳ እሳት እኔን ይምረኛል?»

ኪራዩ እንዳያመልጠኝ እሺ አልኩ። አንዱ በእሷ ክፍል፣ አንዱ በእኔ ጓዳ ተሰቀለ፤ ነጭ፣ ክብ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል።

አሁን ምስጢር ልንገራችሁ፤ አደራ፣ ለማንም እንዳታወሩ። ለባለቤቴ ለማንጠግቦሽ «ሲጋራ ትቻለሁ» ብዬ ምያለሁ። እሷም «ዳግመኛ ካጨስክ ጫግኒ ልጄ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ውሃህን እያፈላህ ኑር!» ብላ ምላለች። የሁለታችን መሐላ ልዩነቱ፣ የእሷ መጽናቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማንጠግቦሽ ገበያ ሄደች። ውጭ ዝናብና ጉም፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አያጨስበትም። ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ አንዲት ለኮስኩ። አንዴ ሳብ… ሁለቴ ሳብ… ሦስተኛውን ሳልጨርስ አናቴ ላይ «ጲ! ጲ! ጲ!» አይል መሰላችሁ! በመጥረጊያ እንጨት ብነካው ጭራሽ ባሰበት። ሲጋራዬን የውሃ ጣሳ ውስጥ ወርውሬ በሩን ብከፍት…

የኛ ሰው ደግሞ ጩኸት ሰምቶ አይቀመጥም! ጎረቤቴ አያ ቢምረው ባልዲ ተሸክሞ፣ ሚስቱ አካፋ ይዛ፣ ሲስተር ብርቱካን እርጥብ ብርድ ልብስ አንጠልጥላ ከተፍ! ከኋላቸው ዘንቢሏን እንደያዘች ማንጠግቦሽ።

«እሳቱ የታለ?» ጮኸ አያ ቢምረው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «ምን እሳት አለ! ሽሮ ልሠራ ብዬ… አረረብኝ!»



«አንተ? ሽሮ?» አለች ማንጠግቦሽ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ድስት አንስቼ አላውቅማ!

«ከገበያ ደክሞሽ ትመጫለሽ ብዬ እኮ ነው…»

«አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ባል የት ይገኛል!» አለች ሲስተር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አያ ቢምረው ግን ባልዲውን ቁጭ አደረገና «አንተ ሰውዬ፣ ሚስቶቻችንን ልታስነሳብን ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ሚስቱማ ከእግር እስከ ራሱ እያየችው ነበር።

ማንጠግቦሽ ጓዳውን ቃኘች። ድስቱ ታጥቦ እንደተሰቀለ ያብለጨልጫል። ሳይጣድ ያረረ ሽሮ! ቀጥላ ጣሳውን አየች፤ ሲጋራዬ ትዋኛለች። በቃ፣ የጫግኒ መኪና ጥሩንባ ጆሮዬ ላይ ተሰማኝ…

እሷ ግን ወደ ጎረቤቶቹ ዞረችና ፈገግ አለች። «እውነቱን ነው። ምሳ ሳትቀምሱለት እንዳትሄዱ፤ እንደገና ይሠራዋል!»

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔማ እዚያው በዚያው ከበደኝ! አራት ሰው ቁጭ ብሎ እያየኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ፣ ሽሮውን አጓጎልኩት፣ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ «ይጣፍጣል» እያሉ ጨረሱት።

እንግዶቹ ሲወጡ ማንጠግቦሽ ጠጋ አለችኝ።

«ሲጋራዋን አይቻታለሁ።»

«እና… ጫግኒ ልትሄጂ ነው?»

«ምን በወጣኝ! ነገ ምስር ነው።»