ካሳዬ ዘገርጂ ቴሌግራሙን ድል እንደ ነሣ

በካልእ ዓመተ ካሳዬ፥ ይኸውም እርሱ በገርጂ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ሆኖ በተቀመጠ በሁለተኛው፥ አብዮቱም በፈነዳ በስድስተኛው ዓመት፥ በወርኃ ኅዳር፥ ለወይዘሮ ትብለጽ ከባሕር ማዶ ቴሌግራም መጣ፤ ልጃቸው ተወልደ እርሻ ሊማር ወደ ቡልጋሪያ ከሄደ ገና ወር አልሞላውም፥ እርሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ጽሑፉም በእንግሊዝኛ «በሰላም ደርሻለሁ፥ ተወልደ» የሚል ነበር፤ ይህ ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የተሰወረ ነበር።

ወይዘሮዋም ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ካሳዬ ሄዱ፥ ወደ አንባቤ ማስታወቂያ፥ ወደ ተርጓሜ ታፔላ፤ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባንዲራ ይዘን የወዳጅ አገር እንግዶችን ስንጠብቅ፥ በግድግዳው ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ማጨስ ክልክል መሆኑን እንደሚናገር ለሕዝቡ የገለጠ እርሱ ነውና። ከጽሑፉ በታች የተሰረዘ ሲጋራ ተሥሎ እንደ ነበር ማንም አላነሣበትም። ካሳዬም መነጽሩን ሰካ፥ ወረቀቱን አቀረበ፥ አራቀ፤ ፊደሎቹን ለየብቻቸው ያውቃቸው ነበር፥ ተሰብስበው ሲመጡ ግን አላወቃቸውም፤ አላውቅም ማለትም ለሹመቱ የማይመጥን ሆኖ ስለ ታየው፥ ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ፥ ነገ እነግርዎታለሁ ብሎም ዐይናቸውን ሳያይ ሸኛቸው።

ይህንንም ዝምታ የዕድሩ ዳኛ አቶ ገረመው በአጥር በኩል አዩ። ቴሌግራም መጥቶ አንባቢው ዝም ካለ ነገሩ መርዶ ነው፤ መርዶም የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው፤ የመርዶ ወረቀት አምጣ ልየው ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በየቤቱ እየዞሩ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የወይዘሮ ትብለጽ ልጅ በሰው አገር አርፏል። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ደጃፋቸው እንገናኝ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ ትንፍሽ ያለ በዕድሩ ይቀጣል።» ካሳዬንም መርዶ ነጋሪ አድርገው ሾሙት። እርሱም የተወልደን ሞት ከእርሳቸው ሰማ፥ ወረቀቱም እንዲህ ይል ይሆናል ብሎ አመነ፤ የሚያስተባብልበት እንግሊዝኛ አልነበረውምና።

ወእምዝ ጎሕ ሲቀድ ዘመቱ። በፊት አቶ ገረመው ከነጥቁር ጃንጥላቸው፥ ቀጥሎ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ኃይለኪሮስ፥ ጥሩምባው ያለ ጊዜው እንዳይጮህበት በጋቢው ጠቅልሎ፥ ቀጥሎ ወይዘሮ ሃረገወይን፥ የንፍሮ ድስት ተሸክመው፥ ከኋላም ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፤ ካሳዬም በመካከል፥ ማንም ሳይገፋው እንደ ተገፋ ሰው። ወይዘሮ ትብለጽ በሩን ከፍተው ይህን ሠራዊት ባዩ ጊዜ መቃኑን ያዙ።

ካሳዬም ይህን አይቶ አፈረ፤ እንዴት ብዬ ነው በማላውቀው ነገር ይህችን እናት የምገድላት ብሎ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፥ የመጨረሻዋንም ቃል ፊደል በፊደል ከበባት፤ በላብ ተጠመቀ፥ ቃሏም እጇን ሰጠች። ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ስሙ፥ የገርጂ ሰዎች። ትናንት ዝም ያልኩት ልጁ ሞቶ አይደለም፥ እንግሊዝኛው ስላልገባኝ ነው። አሁንም አልገባኝም። ግን እዚህ ታች ተወልደ ብሎ ፈርሟል፤ የሞተ ሰው ቴሌግራም አይልክም።»

ሴቶቹም ነጠላቸውን አቀኑ፤ አቶ ገረመውም ሰማዩን ይመለከቱ ጀመር፥ ደመና ግን አልነበረም። ወይዘሮ ትብለጽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፥ ቆይተውም ሳቁ፥ የልጃቸውን ንፍሮ በእጃቸው ዘግነው ለሕዝቡ አደሉ፥ ራሳቸውም ቀመሱ፥ እንዲህም ሲሉ አዘዙ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የልጄ ወረቀት ሲመጣ ለካሳዬ ይሰጥ። አውቃለሁ የሚል በሽ ነው፤ አላውቅም ብሎ ልጄን የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው።»

ክብር ለካሳዬ ዘገርጂ፥ ከጠላት ሠራዊት መካከል አንዲት ቃል ማርኮ ለእናት ልጇን ላስገባ፤ የቀሩት ቃላት እስከ ዛሬ አልተማረኩለትም።