የጋሽ አብዱልሃዲ የባትሪ ድንጋይ ፋብሪካ

በየከተማው የሞተ ዕቃ አልጥልም ብሎ የሚሟገት አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላው ከተማ ሰው በጫማ ወይም በጃንጥላ ይሟገት ይሆናል። የእኛው የሸዋ ሮቢቱ ግን በባትሪ ድንጋይ ነው የጸኑት፤ እሳቸውም ክቡር ጋሽ አብዱልሃዲ፣ የጨው ነጋዴና ማንም ያልሾማቸው የኢንዱስትሪ ሚኒስትራችን ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሲመጣለት ስኳር ያልቅበታል፤ የባትሪ ድንጋይማ ስሙም አይነሳም። ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ጨርቅ አልብሶ ሲያስቀምጥ፣ ጋሼ "ድንጋዩ አልሞተም፤ ደክሞት ነው!" እያሉ አሮጌውን ከየቤቱ ይለቅማሉ። በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱና "ይሄ ገና ጎረምሳ ነው" ብለው ይፈርዳሉ።

ፋብሪካው የቤታቸው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ድንጋዩን በሚስማር ይበሱታል፣ የጨው ውሃ ያጠጡታል፣ በሰም ይደፍኑታል፣ ከዚያ ለፀሐይ ይሰጡታል። ጨው ከአሊዩ አምባ፣ ሰም ከቀወት ገበሬ፣ "ፀሐዩማ የራሳችን!" ሁሉም ተሟልቷል፤ የቀረው የባትሪው መሥራት ብቻ ነበር። ግማሹ ያብጥና ይፈነዳል። ግማሹን ጨው የሸተታቸው የጎረቤት ፍየሎች በአጥር ተንጠላጥለው ወጥተው ይልሱታል።

"ያ ረቢ!" ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ ፋዲላ፤ "ጣሪያዬን ፍየል ጨረሰው እኮ!"

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ለእግር ኳስ ዋንጫ ከዚምባብዌ ጋር ልትጫወት ሆነ። የከተማው ጄኔሬተር ከተበላሸ ሰንብቷል። ጋሼ ገበያ መሃል ቆመው ማሉ፤ "ወላሂ ጨዋታውን ታዳምጣላችሁ! ካላዳመጣችሁ ሁለተኛ ድንጋይ አልነካም!"

"ሰምታችኋል አይደል?" አሉ እትዬ ፋዲላ፣ በደስታ።

በዕለቱ ጋሼ ድንጋዮቹን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደርድረው በሽቦ ከሬዲዮው ጋር አገናኙ። ቀርከሃው ከበር ወጥቶ ግቢውን አቋረጠ። ሬዲዮው አጉረመረመ፣ ከዚያ ተናገረ! ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንጉሤ እንኳ ቆባቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች፤ ለኳሱ ይሁን ለድንጋዩ እንጃ።

አንድ ለአንድ አለቀ፤ መለያ ምት ሆነ። ያኔ ድምፁ ይሰልል ጀመር።

"ጨው ጨምሩበት!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

ጋሼ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጠፉ። ድንገት ብድግ ብለው "አሸነፍን!" አሉ።

እልልታው ቀለጠ፤ ጭፈራው መንገዱን ዘጋው። እኔ ሬዲዮውን ብጠጋው ጭጭ ብሏል።

"ጋሼ፣ ምኑን ሰሙት?" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። "ዝም በል! ይሄን ሁሉ ሰው ምን ብዬ ልበትነው?"

ያን ሌሊት እሳቸውም እኔም ዓይናችንን ሳንከድን አደርን። ነገ ጉዳቸው ሊፈላ ነው ብዬ ተጨነቅሁላቸው። ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ ገባ፤ ሾፌሩ ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቷል። "ዋንጫው የኛ ነው!" ይላል። ጋሼን አንገታቸውን አንቄ ሳምኳቸው።

"አላልኩም?" አሉ፤ "ድንጋዩ አልሞተም!"

እትዬ ፋዲላ ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ መሰላሉን አምጥተው ጣሪያው ላይ አስደገፉላቸው።

ዛሬ የባትሪ ድንጋይ በየሱቁ ሞልቷል። ዝም ካለ ሬዲዮ ድል የሚሰማ ጆሮ ግን ከእሳቸው ወዲህ አልገጠመኝም፤ ይናፍቁኛል።