የረፋዱ ፍጡር

ባለቤቴ ሙሉ ሞታለች። ያለፈው ክረምት ወባ ወሰዳት።

ይህን ያስቀደምኩት ወጌ ስለ ቁርስ ስለሆነ ነው። ስለ ቁርስ የሚያወራ ሰው ቤቱ ሞልቶ የተረፈው እንዳይመስላችሁ ብዬ።

መተማ ላይ ጠዋት ምን ይበላል በሚለው ነገር ሁለት ሰው አይስማማም። ለአጨዳ ከጎጃም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በባዶ ሆዱ ማንጎ ቢበላ ንዳድን በስሟ የጠራት ይመስለዋል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ንዳድ ከትንኝ እንጂ ከማንጎ አይመጣም ብሎ ያስተምራል፤ አስተምሮ ሲያበቃ እሱም ፍርፍሩን ይበላል። ከማዶ የመጡት ሱዳኖች ደግሞ ማለዳ ሻይ ጠጥተው እህል ሳይቀምሱ እስከ ረፋድ ይቆያሉ። ሙሉ ከማንም ወገን አልነበረችም። ፊቷን ሳትታጠብ ማንጎዋን ታጥባለች። ከዚያ ጉንጩን በቢላዋ ታነሳና ሥጋውን እስከ ልጣጩ አግድምና ቁልቁል ትሰነጥቀዋለች፤ ገልበጥ ስታደርገው እሾሁን እንዳቆመ ጃርት ይሆናል። ስሙም «ጃርት» ነበር። ልጃችንን ትርንጎ ያለቻትም እሷ ናት። እኔ ለፍሬ ያለኝ ፍቅር እስከዚያ አይደርስም።

ከቀብሩ በኋላ ታላቅ እህቴ እቴቴ ከዳባት ወርዳ ቤቱን ያዘችልኝ። ቆላው ግን አልተስማማትም። «ልጅቱን ይዣት ልውጣ» ትለኛለች፣ ነጋ ጠባ። ትርንጎ ገና አራት ዓመቷ ነው። እኔ ሳይነጋ ወደ ትራክተሬ ሄጄ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሼ እገባለሁ። ስለዚህ እቴቴ ልክ ናት። ትርንጎ ከሄደች ደግሞ በዚያ ቤት «አባዬ» የሚለኝ አይኖርም። ስለዚህ ነገሩን ለነገ እያልኩ አሳድረዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። የጓሯችን ማንጎ ገና አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ትርንጎ ግን ረፋድ ላይ ከጓሮ ስትመለስ ከአፏ እስከ አገጯ በቢጫ ጭማቂ ተለቅልቃ ነበር።

«ማን ሰጠሽ?» አለቻት እቴቴ።

«ፍጡር።»

«የምን ፍጡር?»

«ፍጡር ነዋ!»

እቴቴ አማተበች። ማታ ስትነግረኝ ሳቅሁ። መቼም በአማርኛችን ሰውም ፍጡር ነው፣ ጉንዳንም ፍጡር ነው። ዛፍ ሥር ቆሞ ስም ሳይኖረው «ፍጡር» ብቻ የተባለ ነገር ግን ሰውም ጉንዳንም አይደለም። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ ይህን ቃል ከራሷ አታወጣውም። ማን አስተማራት?

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከዛፉ ሥር ልጣጭ አገኘሁ። ገልበጥ አደረግኩት። አግድምና ቁልቁል ተሰንጥቋል።

ጃርት።

በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። መተማ ላይ በሚያዝያ የሚበርደው ሰው ወባ ያለበት ነው። እኔ ወባ አልነበረብኝም።

ከዚያ ወዲህ ልጣጩ አልቀረም። ትርንጎ ዛፉ ሥር ብቻዋን ታወራለች አለችኝ እቴቴ፤ ትስቃለች፣ ከዚያ መልስ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ትላለች።

«ቀርበሽ አላየሽም?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምዓለም፣ እናቷ እየጠራቻት ነው። ዛፉን ቁረጠው። እኔም ቅዳሜ ልጅቱን ይዤ እወጣለሁ።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። የኔ ስንጥር በማንጎ መጣ። እሺ አልኳት፤ ለዛፉም ለልጅቱም እሺ አልኩ። መጥረቢያ ተዋስኩ።

ዓርብ ከሥራ ቀርቼ ረፋድ ላይ መጥረቢያውን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ትርንጎ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ወደ አጥሩ ትመለከታለች። አጥራችን የማሽላ አገዳ ነው። ንፋስ አልነበረም፤ አገዳው ግን ተንኮሻኮሸ። ከዚያ እጅ ወጣ። ፊት የለው፣ ትከሻ የለው፣ እጅ ብቻ። የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል። መዳፉ ላይ ጃርት ተቀምጧል።

«ፍጡር!» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ። «ፍጡር፣ ያ ቢት!»

መጥረቢያው ከእጄ ወደቀ። «ማነው?» አልኩ።

ከአገዳው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። «እኔ ሀጃ ነው! አንተ፣ ትራክተር ዛሬ የለም?»

ሀጃ ጦርነቱን ሸሽተው ከሱዳን የተሻገሩ፣ ከጀርባችን የተከራዩ አሮጊት ናቸው። የጠቆረው ጣታቸው ሂና ነው። «ያ ቢት» በእሳቸው ቋንቋ «አንቺ ልጅ»፣ «ፉጡር» ደግሞ ቁርስ ማለት ነው። ስንቴ ከሱዳን ሾፌሮች ጋር ፉጡር ብዬ ፉል በልቻለሁ! የፈራ ጆሮ ግን «ፉ»ን «ፍ» አድርጎ ይሰማል።

«ማንጎውን ከየት አምጥተው ነው?» አልኳቸው።

«ካንተ ዛፍ። ቅርንጫፍ ወደ እኔ መጣ። ጥሬውን ቆርጦ ማሽላ ውስጥ መቅበር፣ ይበስላል። ሙሉ ነው ያሳየኝ። እኔ የመጣሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ጠዋት፣ በዚህ ቀዳዳ ሰጠኝ። እንዲህ ቆርጦ።»

«ለቅሶው ላይ አላየሁዎትም።»

«ነበርኩ። አንተ ነው ሰው ያላየ።»

ልክ ናቸው። ቀን ቀን ትርንጎን ይይዙልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ እሺ አሉ።

«በየቀኑ ሲያበሉልኝ ኖረዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

«በየቀኑ የለም» አሉ ሀጃ። «ትናንት ሽንፋ ነበርኩ፣ ልጄ ጋ። ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁ።»

የትናንቱን ልጣጭ ማታ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አሁንም ዛፉ ሥር ነበር፣ ጉንዳን ወሮት። አግድምና ቁልቁል።

እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኩም። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው፣ ማን ተሻገረ ብሎ ሁሉን አይጠይቅም።

ለእቴቴ «ፍጡሩ ቁርስ ነው» አልኳት። ነገሩን ሳስረዳት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የትናንቱን አልነገርኳትም። ትርንጎ ከኔ ጋር እንደምትቀር ግን ነገርኳት።

«እዚህ ጉድ ውስጥ?»

«እዚህ ጉድ ውስጥ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የተዋስኩትን መጥረቢያ አነሳሁ። ዛፉን አልፌ አጥሩ ጋ ሄድኩ። የእጅ መውጫ የነበረውን ቀዳዳ፣ ሰው የሚገባበት አደረግኩት።