ደጅ አዋቂው ጋሽ ዳኜ

በየሰፈሩ አንድ ቢሮ አዋቂ አለ። ቢሮ አዋቂ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰዉ ጉዳዩን በአንድ ቀን እየጨረሰ ይኖራል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ደግሞ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ቢፈለግ አይገኝም።

የሰበታው ክቡር አቶ ዳኜ ናቸው። በወጣትነታቸው ለሦስት ወር የአንድ ሚኒስቴር በር ዘበኛ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሥራ የተሰወረባቸው አይመስላቸውም። ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው "ከደጅ ያልቆመ ከቤት አይገባም" ካሉ አለቀ፤ ባለጉዳዩ ስንቁን ይቋጥራል። አንድ ጊዜ ከጎረቤታቸው ከኦቦ ደቻሳ ጋር በመሬት ነገር አዲስ አበባ ገብተው፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ስድስት ቀን እጅ ሲነሡ ሰነበቱ። በሰባተኛው ቀን ሕንፃው ፖስታ ቤት መሆኑ ታወቀ።

"ቢሆንም" አሉ አቶ ዳኜ፣ "ያሳፈረን የለም።"

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለራቢአ ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ራቢአ የአረብ ሱቅ የሚባለው ሱቅ ባለቤት ናት። ከየመን በሙሽርነት መጥታ ሰበታ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከደንበኞቿ ተምራለች። የመኖሪያ ፈቃዱ ግን የባሏ ነበር፤ እሷ ከእሱ ስም ሥር የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። ባሏ በጥቅምት ሞተ። በሚያዝያ የመጣው ደብዳቤ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ካላወጣች ከአገር እንድትወጣ ያዛል። መንገድ ላይ ስለሰነበተ እጇ ሲገባ የቀሯት አሥራ ሁለት ቀን ነበሩ።

ሱቁን ዘጋች። የባሏን ሚዛን ጨርቅ አለበሰችው። የመን ውስጥ የሚያውቃት ማን እንደቀረ ልታስብ ሞከረች፤ አንድም ፊት አልመጣላትም።

"አታልቅሺ" አሉ አቶ ዳኜ ደጃፏ ላይ ቆመው፣ እሷ ሳታለቅስ። "ካርድ ማለት ምንድን ነው? ጠንከር ያለ ወረቀት ነው። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ!"

የውጭ አገር ሰዎች የሚመዘገቡበት ቢሮ በሩ ሰፊ ነው። ራቢአ ሰው ሲገባና ሲወጣ አይታ "ጋሽ ዳኜ፣ ለምን ገብተን አንጠይቅም?" አለች።

"ገብተን? እንዲሁ ዘው ብለን?" አቶ ዳኜ ደነገጡ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ ሱቅ አይደለም! መጀመሪያ ፊታችንን ይልመዱት። ትልቁ ሰውዬ 'እነዚህ እነማን ናቸው?' ማለት አለበት።"

አጥሩ ሥር ተቀመጡ። መኪና ሲገባ ይነሣሉ፤ ባርኔጣ ያደረገ ሲወጣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ። በሦስተኛው ቀን አቶ ዳኜ ዋናውን ሹም ለዩት፤ ወፍራም፣ ባለ ሙሉ ልብስ ነው። "አየሽ? ራሱን ነቀነቀልን!" በአምስተኛው ቀን ሹሙ ጎማ ሲቀይር ታየ፤ ሾፌር ኖሯል። በሰባተኛው ዘነበ። ጃንጥላውን ለእሷ ሰጥተው እሳቸው በዝናቡ ራሱ፤ ካፖርታውን ላድርቅልዎት ብትል ደረታቸውን አቅፈው እምቢ አሉ። መኪና በማይገባበት ሰዓት ስለ ባሏ ያወሯታል። ከሞተ ወዲህ ስሙን ደፍሮ የጠራላት ሰው አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ውብአየሁ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ለምሳ ሲወጣ አጠገባቸው ቆመ።

"እኔ የምለው፣ የዘበኛው ዘመዶች ናችሁ?"

"ባለጉዳዮች ነን፣ ጌታዬ" አሉ አቶ ዳኜ እጅ እየነሡ።

"ታዲያ አትገቡም እንዴ? መስኮቱ እኮ ሁልጊዜ ክፍት ነው! ዘጠኝ ቀን ሙሉ!"

ራቢአ አቶ ዳኜን አየቻቸው። አቶ ዳኜ ሰማዩን አዩ።

ውስጥ ገብተው ቅጹ ተሞላ፣ ፎቶግራፏ ተለጠፈ። ከዚያ ውብአየሁ ብዕሩን አስቀመጠ። "ዋስ አለሽ? ቤት ወይም መሬት ያለው ሰው፣ ከነማስረጃው።"

"ዋሴ ባሌ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

አቶ ዳኜ የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ከገበሩ ውስጥ በሸራ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ የቤታቸው የርስት ወረቀት ነው።

"ጋሽ ዳኜ! ይህን መቼ ያዙት?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ...?"

"ማን ጠየቀኝ? ሳይጠየቁ ወረቀት ማውጣት ብልግና ነው።"

"አባቴ" አለ ጸሐፊው፣ "ነገ አንድ ነገር ብታጠፋ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።"

"የእሷንም ደጅ ጠንቻለሁ፣ ጌታዬ። አሥራ ስምንት ዓመት ሱቋ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። አሁኑኑ ይጠይቁኝ።"

ውብአየሁ አልጠየቀም። ማኅተሙን መታ። ራቢአ አውቶቡስ ውስጥ ካርዱን ደጋግማ አየችው፤ ከማንም ስም ሥር አልነበረችም። የባሏ ስም ከላይዋ አለመኖሩ ልቧን ቆርቆር አደረጋት። ሰበታ ሲደርሱ ግን ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፏ መጣ።

በማግስቱ የሚዛኑ ጨርቅ ተገፈፈ። አቶ ዳኜ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው "ያን ሁሉ ቀን ደጅ ባንጠና ኖሮ..." እያሉ ለመንገደኛ ይተርካሉ። ኦቦ ደቻሳ ባንኮኒው ላይ ዘንበል አሉ።

"አካም ጅርታ፣ ራቢአ? የጠመንጃ ፈቃድ ፈልጌ ነበር። ፖስታ ቤቱን አልረሳሁም፤ ግን ላንቺ ተሳካላቸው አሉ። እውነት እኚህ ሰው ቢሮ ያውቃሉ?"

ራቢአ ወደ ደጃፉ ተመለከተች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አያውቁም፣ ኦቦ። ግን ያለ እሳቸው እንዳይሄዱ። ስንቅ በዛ አድርገው ይያዙ እንጂ።"