እምቢ ያለው የውኃ ማሞቂያ

ዕቃ እምቢ ሲላችሁ ትናደዳላችሁ አይደል? እኔ ደስ ይለኛል። እብድ ነው አትበሉ፣ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። እኛ እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ፣ አንድ ፊታውራሪ ነበሩን። አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ በበቅሎ አስጭነው መጡ። አገር ምድሩ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ እሳቸው ቧንቧ ከፍተው ሙቅ ውኃ! ደግ፣ ይታጠቡ። ጣራቸው ላይ የተሰቀለውን በርሜል ግን ከወንዝ እየቀዳች የምትሞላው ገረዳቸው ነበረች፤ እህቴ ውዴ።

ማሞቂያውን የተከለው ሠራተኛ ሲሄድ አደራ ብሎ ነበር። አየር ሲያጥረው ራሱን ያጠፋል፣ ሰው እንዳይገድል ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ እንዳትደፍኑት አለ።

እመቤቲቱ ደግሞ ነፋስ ይፈራሉ። ጌቶች ከሙቅ ውኃ ሲወጡ ብርድ ቢመታቸውስ? ቀዳዳውን በጨርቅ አስወትፈው በጭቃ አስለሰኑት።

ከዚያማ ማሞቂያው ትንሽ ይነድና ድርግም። ፊታውራሪ ሳሙና እንደተቀቡ ይጮኻሉ። ሲሊንደሩን ነቀነቁት፤ ድርግም። የነፍስ አባታቸው መጥተው ጠበል ረጩት፤ ጭራሽ አልነሣም አለ። "በገዛ ቤቴ እምቢ የሚለኝ ማነው?" አሉ ፊታውራሪ። ታዲያ ስለ ቀዳዳው ትንፍሽ ያለ አለ? ማን ደፍሮ!

በኋላ አንዱ አሽከር መላ አገኘ። የማሞቂያውን ማስነሻ ቁልፍ በጣት ተጭነው ከያዙት አይጠፋም። እሰይ ተባለ! ውዴ ከመታጠቢያው ጎን ማሞቂያው የተተከለባት ጠባብ ክፍል ገብታ፣ በር ዘግታ፣ ቁልፉን ተጭና ትቆማለች፤ ጌቶች ይታጠባሉ።

ውዴ ቤት ስትመጣ ራሴን ፈለጠኝ ትላለች። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ታሻታለች። በነጋታው ተመልሳ ትሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ውኃው ቀዘቀዘባቸው። "አንቺ!" አሉ። ዝም። "አንቺ!" ዝም። በሩ ሲከፈት እህቴ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። መጀመሪያ ያዩት ምኑን ይመስላችኋል? ማሞቂያውን! ተሰብሮ እንደሆነ ብለው። እሱማ ደኅና ነበር። የሞተችው እህቴ ናት።

ፊታውራሪ ለቅሶ መጡ። እንባቸውን በኩታቸው እየጠረጉ፣ አንድ ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም ብለው መሰከሩላት። ለቀስተኛው ሁሉ እውነት ነው አለ። እኔ ታናሽ እህታችንን ከጎኔ አስቀምጬ አያቸዋለሁ። ከዚያ ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ ታናሽ እህት አላት ወይ ብለው ጠየቁ።

እናቴ እንባዋ ሳይደርቅ ከመደቡ ተነሣች፣ እጅ ነሣች።

"አላት፣ ጌታዬ።"