ጉና የወጣው ታብሌት

እኛ ሰዎች አዲስ ዕቃ ሲገባልን የመጀመሪያ ሥራችን ማልበስ ነው። ሬድዮ ሲመጣ ጥልፍ የተጠለፈ ጨርቅ አለበስነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ዳንቴል ደረብንለት፤ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ። ሶፋውን ሸፍነን መሬት ላይ የምንቀመጥ፣ የተሸፈነውን ሳህን ለእንግዳ ብለን እንግዳው ሳይመጣ የምናረጅ ጉደኞች ነን። ዕቃው ምን እንደሚሠራ የምናውቀው ብዙውን ጊዜ ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌለ ንገሩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናም የታብሌት ተራ ደረሰ። እኔ ደብረ ታቦር ላይ የቤተሰብ ሕግ የማስተምር ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ከጠመኔ ጋር ስለኖርሁ ኮቴ ከየትኛውም ወገን ቢራገፍ ይቦናል። አንድ ቀን ለመምህራንም ለተማሪዎችም ታብሌት ታደለ፣ ሥልጠናም ተሰጠን። ከሥልጠናው በደንብ የገባኝ የሻይ ሰዓቱ ነበር። ስወጣ ለታብሌቴ ጥቁር የቆዳ ልብስ ገዛሁለትና መሳቢያ ውስጥ አስተኛሁት። ተማሪዎቼ ግን አላስተኙትም። ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ሲያነቡ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ድንገት ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲስቁ ግራ ይገባኛል። የውርስ ሕግ ምኑ ያስቃል?

ታብሌቴ ከእንቅልፉ የነቃው በየሻረግ ምክንያት ነው። የሻረግ ከጉና ተራራ ሥር ከምትገኝ መንደር የመጣች፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እኔ ራሴ የዘለልሁትን አንቀጽ የምታስታውሰኝ ተማሪ ነበረች። አንድ ማለዳ ቢሮዬ መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«መምህር፣ ልሰናበትዎት ነው። እናቴ ውኃ ስትቀዳ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሯል። ከኔ በቀር ሰው የላትም። ትምህርቱን ላቋርጥ ነው።»

በዚያ አገር አንዲት ልጅ «ላቋርጥ ነው» ስትል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለዘንድሮ ብላ የሄደች ለከርሞ ትዳራለች፣ ከዚያ ወዲያ አንቀጹን የሚያስታውሰኝ የለም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ከኔ ቀድሞ፣ «ታብሌትሽን ይዘሽ ሂጂ። ትምህርቱን በድምፄ እየቀዳሁ እልክልሻለሁ» አላት። እሷም ገበያ ስትወጣ ክምር ድንጋይ ከተማ ኔትወርክ ስላለ እዚያ እንደምትቀበለኝ ነገረችኝ። ቻርጁን በጎረቤት ሶላር። ተስማማን።

አፍ ቃል ይገባል፣ ሥራው ለባለቤቱ ይተርፋል። ለሰው እንጂ ለመስተዋት ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ክፍል ገብቼ ታብሌቱን ወንበር ላይ አስደግፌ ጀመርሁ። ያለ ተማሪ ዓይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ ተነሥቼ መንጎራደድ፣ ከዚያም እንደ ልማዴ መቆጣት ያዝሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ አየችኝ፤ ጣቴን ቀስሬ ለባዶ ወንበር ስለ ፍቺ ሳስረዳ። አማትባ ዘጋችው።

እንደምንም ለመድሁት። የሻረግ በየገበያው ቀን ትቀበላለች፣ ጥያቄዋንም በድምፅ ትልካለች። ከድምፅዋ ጀርባ በግ ይጮኻል፣ ድንች ይላጣል፣ ሰው ያስላል። አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው የሷ አይመስለኝም ነበር። «መምህር፣ ሴትዮዋ ወንድሟ ቤት ከገባች መብቷ ይቀራል ወይ?» ትለኛለች። «ባልየው የቤቱን ቆርቆሮ የገዛሁት እኔ ነኝ ቢልስ?» የፈተና ዝግጅት መስሎኝ፣ ምን ያህል ወደ ኑሮ የቀረበ ጥያቄ ታወጣለች እያልሁ አደንቃለሁ። እኔም መለስሁ፦ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ቢሆንም እንኳ የሁለቱ ነው፤ የኔ ብቻ ነው ያለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። መልሴን ላክሁና ረሳሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የግቢው ጥበቃ ስልክ ደወለልኝ። «መምህር፣ በር ላይ ሰዎች ይፈልጉዎታል። ሽማግሌዎች ናቸው። ቄስም አሉበት።»

ለብቸኛ ወንድ ሽማግሌና ቄስ በር ላይ መጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ገምቱት። ኃጢአቴን ሁሉ በልቤ እየቆጠርሁ ወረድሁ።

በሩ ላይ ዱላ የያዙ ገበሬዎች፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረ ትከሻ ሰፊ ሰው፣ ከሱ ራቅ ብላ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች ሴት አገኘሁ። ሰላም ስል ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና ብለው ተያዩ።

«እሱ ነው! ድምፁ ነው!» አሉ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሴትዮዋ እትዬ ጥሩ ትባላለች፣ የየሻረግ ጎረቤት ናት። ትከሻ ሰፊው ሰው ባሏ አያ ሞላ ነው፤ ተቆጥቶ፣ በመጣሽበት ቀሚስ ሂጂ ብሎ ከቤት አስወጥቷት ወንድሟ ዘንድ ነበረች። የታመመችውን ለመጠየቅ የየሻረግ እናት ቤት ስትመላለስ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ታብሌት ውስጥ ሆኜ ስለ ፍቺ ስለፈልፍ ትሰማኛለች። አንድ ቀን ሰማች፣ ሌላ ቀን አስደገመች፣ ከዚያ ጥያቄ መላክ ጀመረች። በመጨረሻ ሽማግሌ ሰብስባ፣ ታብሌቱን ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ መልሴን አሰማቻቸው። አያ ሞላም፣ «ድምፅ ምስክር አይሆንም። ተናጋሪው በአካል ይቅረብ» አለ። እኔ ወደነሱ ስለማልቀርብ እነሱ ወደኔ ቀረቡ።

እትዬ ጥሩ መጀመሪያ ያደረገችው መብቷን መጠየቅ አልነበረም። ከነጠላዋ ሥር ቋጠሮ አውጥታ ሰጠችኝ። በሶ ነበር።

«በሞቴ ይቀበሉኝ» አለች። «ትምህርቱ መሀል ላይ ‹ወይኔ ረሃብ፣ ዛሬም ዳቦ በሻይ ሊሆን ነው› ሲሉ ሰምተን አዘንን። የሚያበስልልዎትም የለም ማለት ነው ተባባልን።»

መቅዳቱን ሳላቆም አጉረምርሜ ኖሯል። የጉና ሥር መንደር ሁሉ የሆዴን ጉዳይ ያውቀዋል። ጥበቃው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያ ሞላ ይህን ጠብቆ ዞረ። «አንቱ ሚስት የለዎትም ማለት ነው?»

«የለኝም።»

«ተካፍለው ያውቃሉ? ጎጆ ቀልሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ያልኖሩበትን ቤት እንዴት ያካፍላሉ?»

እውነቴን ነው፣ በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አልገጠመኝም። ያዳኑኝ ቄሱ ናቸው።

«ሞላ፣ በሌባ ላይ ለመፍረድ መስረቅ ያስፈልጋል እንዴ? የመጣህበትን ጠይቅ።»

ሞላም ነገሩን አቀረበ። ቤቱን የሠራው እሱ ነው። ቆርቆሮው የተገዛው እሱ በተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በሬዎቹን ያሳደገው እሱ ነው። ሲናገር ውሸት አልነበረበትም፤ ለዓመታት የለፋበትን እጁን ዘርግቶ የሚያሳይ ሰው ንግግር ነው። አንቀጽ ልጠቅስ ጀመርሁና ተውሁት። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስንት ንዑስ ቁጥር እደረድር ነበር። እዚያ ግን፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ምንም ሌላ ስላልመጣልኝ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፦

«አያ ሞላ፣ ቤቱ ሲመረግ ጭቃውን ማን ረገጠው?»

እግሩን አየ። ጫማው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ።

«አብረን ነው የረገጥነው» አለ።

እትዬ ጥሩ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «የመጀመሪያ ልጃችን በሆዴ ነበር» አለች።

አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ከዚያ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ሰማን» አሉ። እኔም ፈራጅ እንዳልሆንሁ፣ የተስማሙበትን ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው ማጸደቅ እንዳለባቸው ነገርኋቸው። አያ ሞላ ሲሰናበተኝ እጄን ጨብጦ ትንሽ አቆየው። የተቀየመኝ ይሁን ያዘነልኝ እስካሁን አላውቅም።

ተፋትተው ተካፈሉ። ከብቱ ተከፈለ፣ ባሕር ዛፉ ተከፈለ፣ ፍርድ ቤትም አጸደቀው። ያስቸገረው ቤቱ ነው። ቤት እንደ በግ አይነዳም። ስለዚህ መሀሉን በመቃ ከለሉትና እሷ በወዲህ፣ እሱ በወዲያ ሆኑ፤ በሩ ግን አንድ ነው። ክረምቱ ገባ። የጉና ክረምት ደግሞ ብቻውን ያለን ሰው አይወድም። በወዲህ በኩል ወጥ ይንተከተካል፣ በወዲያ በኩል ሞላ ጥሬ ይቆረጥማል፤ መቃ ሰውን እንጂ ሽታን አይከልልም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሻረግ ናት። እናቷ ድና፣ እሷም ፈተናዋን ከሁሉም በላይ በሆነ ውጤት አልፋ፣ ለክረምት ዕረፍት መንደሯ ገብታ ነበር።

እንግዲህ ቴክኖሎጂ ትዳር አፈረሰ ብሎ የሚያወራብኝ አይጠፋም እያልሁ ስሳቀቅ፣ ከየሻረግ መልእክት ደረሰኝ። በዚያ ክረምት ኔትወርኩ መንደራቸው ድረስ ገብቶ ነበር፤ ድምፅዋ ይቻኮላል።

«መምህር፣ ስለ ጋብቻ ውል ያለውን ትምህርት ቶሎ ይላኩልኝ። አያ ሞላ እትዬ ጥሩን መልሼ ላግባ ብሎ ሽማግሌ ልኳል። እሷ ግን ትምህርቱን ሳልሰማ አልመልስም ብላለች። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመዋል፤ ዝናብም መጥቷል።»

ሽማግሌ በዝናብ አይቆምም። ያን ትምህርት በዕድሜዬ ባልተናገርሁት ፍጥነት ቀድቼ ላክሁት። የሻረግ እንደነገረችኝ ከመቃው በወዲህ ተከፈተ። ቤቱ የማን እንደሚሆን፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሁሉም በየተራው ተሰማ። ሲያልቅ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እትዬ ጥሩ አዞሩ። መልሱ ግን የመጣው ከወዲያ በኩል፣ ከመቃው ኋላ ነው።

«እስኪ ከመጀመሪያው ድገሙልኝ» አለ አያ ሞላ።

ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር፣ ድገሙልኝ ያለኝ ወንድ ተማሪ እሱ ብቻ ነው።