የጀውሃ መርከቦች

ያ ሁሉ ባሕር እያለ ሁለት ግዙፍ መርከቦች ምን ነክቷቸው ይጋጫሉ? ጀውሃ ከተማ አንድ ምሳ ቤት ሆነን ዜናውን በቴሌቪዥን ስናይ እኔም እንደ እናንተው ገርሞኝ ጠየቅሁ። ጅቡቲ የሚመላለሱት የተሳቢ ሾፌር ጋሼ ታደሰ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ መለሱልኝ።

«መርከብ እንደ መኪና ፍሬን ረግጠህ አታቆመውም፤ ቶሎም አይታጠፍም። ገና በሩቁ ሲተያዩ አንዱ መልቀቅ አለበት። ግን ሁለቱም ‹እሱ ይልቀቅ› ብለው ይጠብቃሉ።»

እንዲህ ያለ አዋቂ ከየት ይገኛል? ሲወጡ በሩ ላይ ከሌላ የተሳቢ ሾፌር ጋር ተገጣጠሙ። «ይግቡ እንጂ!» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «በሞቴ!» ሲባባሉ፣ ከኋላ የቆምነው እኔና ባጃጅ ነጂው ሰይድ መውጫ አጥተን በቆላው ሙቀት ተቀቀልን።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው መሪ ሲጨብጥ ምን ይነካዋል? በሳምንቱ እነዚሁ ሁለት ሾፌሮች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጠባብ ድልድይ ከግራና ከቀኝ መጡ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ገና በሩቁ ተያይተዋል። አንዱ «ልለፍ» ብሎ መብራት አበራ። ሌላውም «ልለፍ» ብሎ አበራ። ፍሬን የያዘ የለም። እነሱ በጭረት ተረፉ። ድልድዩ ላይ ቀድሞ የገባው ሰይድ ግን ከነባጃጁ መሀላቸው ቀረ።

ጋሼ ታደሰ በዋስ ሲለቀቁ በሽማግሌ ታጅበው ለቅሶ ደረሱ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ከሰይድ አባት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጎንበስ ብለው ወደ ጎን ለቀቁላቸው።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

አባትየው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።